የኤርካሎ ውስኪዎች

ኤርካሎ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙስ ውስኪ አስቀምጦ አንዱንም ያልቀመሰ ሰው ነበር። ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣ ኢንስፔክተር፣ «የስኮትላንድ ውስኪ በቆየ ቁጥር ይከበራል፤ ትልልቅ ሰዎች ለጌጥ ያስቀምጡታል» ሲል ሰማና ልቡ ተሰለበ።

ከዚያ ወዲህ ወራሽ ያጣ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ኤርካሎ ኮቱን ቆልፎ ከፊት አይጠፋም። እንግሊዝኛ አያነብም። «ስኮትላንድ» የምትለውን ቃል ግን ኢንስፔክተሩ በወረቀት ላይ ጽፎለት ስለነበር፣ ጠርሙስ ባየ ቁጥር ወረቀቷን በእጁ ከልሎ ፊደሉን አንድ በአንድ ያመሳክራል።

ሚስቱ ቦሼ መጠጥ የሚከለክል የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናትና ነገሩ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ።

«አልጠጣም፤ እሰበስባለሁ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ መጠጣትን እንጂ ማየትን የሚከለክል ደንብ ቢያጡ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰብስበው ጠርሙሶቹ ያሉበት ቁም ሳጥን መጋረጃ እንዲደረግለት ወሰኑ። ቦሼ ጥልፍ መጋረጃ ሠራች። ኤርካሎም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይገልጠው ጀመር።

በ1957 የአንድ ሟች ግሪካዊ ነጋዴ ዕቃ ለሐራጅ ቀረበ። ከዕቃው መሐል ትልቅ ጥቁር ጠርሙስ ወጣ። ኤርካሎ ወረቀቷን አየ፤ ስኮትላንድ! የበግ ሥዕልም አለበት። የጥንት ንጉሥ ዓርማ መሆን አለበት ብሎ ገመተ።

«ሦስት ብር!» አለ ባለሱቁ ሽኩር።

ኤርካሎ ደነገጠ። መጠጥ የማይነካ ሙስሊም እንኳ ከተጫረተበትማ!

«ሠላሳ!»

ሐራጅ ባዩ ጆሮውን ተጠራጥሮ፣ «ሠላሳ ብር ነው ያሉት?» ሲል ጠየቀ።

«ሠላሳ አልኩ!»

ሽኩር በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «አቶ ኤርካሎ፣ ውስጡ ሲያልቅ ባዶውን ይስጡኝ። አፉ ሰፊ ነው፤ ለዘይት ይሆነኛል» አለው። ኤርካሎ ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቅፎ መንገዱን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት አዲስ የአውራጃ ገዥ ተሾሙ። ኤርካሎ ስንት ደጅ ጠንቶ ምሳ ጋበዛቸው። እሳቸውም የከብት ሐኪሙን ብርሃኔን አስከትለው መጡ። ኤርካሎ መጋረጃውን ገለጠ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ጠርሙስ ከፈተ፤ ጥቁሩን። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ሽታው ራሱ ዕድሜውን ይናገራል፣ ክቡርነትዎ» አለ።

ገዥው ዓይናቸው እያነባ፣ «ውሃ ጨምርበት» አሉ። ውሃ ሲነካው እንደ ወተት ነጣ።

«የጥሩ ውስኪ ምልክቱ ይኼ ነው» አለ ኤርካሎ፣ ያን ጊዜ የፈጠረውን።

ብርሃኔ ጠርሙሱን አዙሮ አነበበና ዘሎ የገዥውን እጅ ያዘ። «እንዳይቀምሱት! የበግ መዥገር ማጥፊያ ነው! አንድ ማንኪያ በአንድ ባልዲ ውሃ ይላል።»

ገዥው ምሳቸውን ሳይነኩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ቦሼ ወደ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ሳቋ ግን ሳሎን ድረስ ተሰማ።

ኤርካሎ ሳምንት ሙሉ በሰው ፊት ቀና ብሎ አልሄደም። በዚያው ሰሞን ቦሼ ጠርሙሱን በዴሳ በሚባለው አገር ለሚኖረው ወንድሟ ለጩማ ወሰደችለት። የጩማ በጎች ታጠቡ፤ መዥገሩ ረገፈ። ጩማም መድኃኒቱ ከኤርካሎ እንደመጣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። በሁለተኛው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ በረንዳ በገበሬ ተሞላ።

«የበጉ ዶክተር የት ነው?» አሉ።

ባልደረቦቹ ሳቃቸውን ውጠው ወደ ኤርካሎ ጠቆሙ። ፊቱ ቀላ፤ ይክድ ይሆናል ብለው ጠበቁ። ገበሬዎቹ ግን ባርኔጣ አውልቀው እጅ ሲነሱት አንገቱ ቀስ እያለ ቀና አለ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አላቸው። «እስከዚያ ካለ እኔ ማንም እንዳይለካው!»

ቅዳሜም ክራቫቱን አስሮ ወደ በዴሳ ወረደና፣ በጎቹ እየጮኹ እየተራገጡ ሲነከሩ፣ ከባልዲው ራስጌ ማንኪያ ይዞ ቆመ።