ሐይቅ ጥየቃ

ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ስለ ጣና የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ግን ዓሣ እየበላሁ ነው፤ ያውም ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ። እንግዳ ሲመጣብኝ ውኃው ዳር ካለ ምግብ ቤት እወስደውና እጄን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቼ "ይኸውልህ ጣና!" እላለሁ። ከዚያ ወደ አስተናጋጁ ዞሬ "ቆሮሶ ዓሣው የዛሬ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ጉብኝቱ በዚህ ያበቃል። ይህችን ዕውቀት ይዤ ነው እንግዲህ አባቴን በጣና ላባብለው የተነሣሁት።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ሐረማያ ብቻውን ቀርቷል። እኔ ያላገባሁ የፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ነኝ፤ ዘንዘልማ መንገድ ላይ የተከራየሁት ቤት ለሁለት ሰው አያንስም። "ና፣ እኔ ጋ ኑር" ስለው "አስብበታለሁ" ይለኛል። በእኛ ቤት "አስብበታለሁ" ማለት "አርፈህ ተቀመጥ" ማለት ነው። ጭቅጭቄ ሲበዛበት በመጨረሻ መጣ፤ ግን የያዛት ሻንጣ በጣም ትንሽ ነበረች። አውሮፕላን ጣቢያ ገና ከሩቅ ነው ያየኋት። ለመኖር የሚመጣ ሰው እንዲህ ያለች ሻንጣ አይዝም።

የሐረማያን ሐይቅ ነገር ላልሰማ በአጭሩ ልንገረው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ መንገድ ዳር የተኛ ሐይቅ ነበር። ሐረር ከተማ የምትጠጣው ከእሱ ነበር፤ ገበሬው ጫቱንና ድንቹን የሚያጠጣው ከእሱ ነበር። አባቴ ደግሞ ውኃውን ወደ ከተማ ከሚገፉት ሞተሮች የአንዱ ጠባቂ ነበር። ሐይቁ እያነሰ፣ እየሸሸ ሄደና አንድ ቀን አለቀ። ሞተሩ መጀመሪያ ጭቃ፣ ኋላም አየር መሳብ ጀመረ፤ አባቴ አጠፋውና ወደ ቤት መጣ። ስለዚያ ቀን የነገረን ይህንኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ወለል ላይ ከብት ሲግጥ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ኖሩ። እኔ ለዕረፍት ስሄድ ሚኒባሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ስልኬን እነካካለሁ፤ መልእክት የሚጎርፍለት ትልቅ ሰው መስዬ።

ከዚያ አገር የወጣ ሰው አንድ በሽታ አይለቀውም፤ ውኃ ያጠራቅማል። እኛ ቧንቧ ጠፍቶ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ እያሰላን ያደግን ነን። ስለዚህ ከአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጬ በርሜል በበርሜል ላይ እሞላለሁ፤ አልጋዬ ሥር ሳይቀር ጀሪካን አለ። ያከራዩኝ ሴትዮ መጀመሪያ ጊዜ ያዩት ዕለት በሩን ተደግፈው "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንግዲህ ባይኔ አየሁት!" አሉ። አባቴ ግን ቤቴን ዞሮ አይቶ የወደደው ነገር ቢኖር በርሜሎቹን ነው። ከዚያ ቧንቧውን እንዳይንጠባጠብ ብሎ አጥብቆ ከመዝጋቱ የተነሣ በማግሥቱ ፊቴን ለመታጠብ ፒንሳ ፈለግሁ።

የእኔ ዕቅድ ቀላል ነበር። ጣናን ያያል፣ ይማረካል፣ ይቀራል። ችግሩ ሊያይ አለመፈለጉ ነው። "ሐይቅ እንሂድ" ባልሁት ቁጥር "ውኃ ነው፤ አውቀዋለሁ" ይለኛል። በረንዳ ላይ እንኳ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለባብሶ፣ ጫማውን አጽድቶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"እንሂድ ሐይቁ ጋ" አለኝ። በእጁ ቢጫ ጀሪካን ይዟል፤ ትንሿን፣ የዘይቷን።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ በጀሪካኑ ግን አፈርኩ። ሐይቁ ዳር ቅዳሜ ሰው ፎቶ ለመነሣት ተሽቀርቅሮ ነው የሚወጣው። የልማዱን አንድ ነገር ሊቀዳ ነው ብዬ "እኔ ልያዝልህ አባዬ" አልሁት፤ አክብሮት መስሎ እንዲታይ፣ እውነቱ ግን ከጀርባዬ ልደብቃት ነበር። አልሰጠኝም። ባጃጁ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፏት ሄደ።

የተከራየናትን ጀልባ የሚነዳው ከሐይቁ ዳር ሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ጎልማሳ ነበር። አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣና "እንዴት አደሩ አባት? ይግቡ፣ በዚህ በኩል ይቀመጡ" አለ። አባቴ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ሰው የተከተለው መስሎት። በእኛ አገር ሽማግሌውም ሹሙም "አንተ" ነው፤ እኔም አባቴን "አንተ" ስለው የጀልባው ሰው ፊቱን አጨፍግጎ አየኝ። አሳዳጊ የበደለው ብሎ ሳይታዘበኝ አልቀረም።

ጀልባዋ ገና ከዳር ሳትርቅ ማስረዳት ጀመርኩ። "ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው።" እስከዚህ እውነት ነበር። "ዓባይ የሚነሣው ከዚህ ነው።" ይህም ይሁን። አባቴ ውኃውን ብቻ ሲያይ አላስቻለኝምና "ጥልቀቱን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም!" አልሁ። የጀልባው ሰው አሳለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ፤ ፔሊካኖቹን ከአውሮፓ አመጣኋቸው፤ ዳር ዳሩን የበቀለውን ደንገል አንድ ንጉሥ አስተከለው አልሁ። የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንዳይጠይቀኝ ቶሎ ብዬ ወደ አንድ ደሴት ጠቆምኩ። ደሴቱንም አላውቀውም።

አባቴ ግን ደሴቱን አላየም። ራቅ ብሎ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ እየገፋ ይሄዳል፤ እሱን ነበር የሚያየው።

"ያ ሰውዬ ዘንጉን መሬት እያስነካ አይደለም እንዴ?" አለ።

የጀልባው ሰው መለሰለት፦ "አዎ አባት። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። እኔም በዘንግ እየገፋሁ ነው ያደግሁት።"

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ሐይቁን የሚያየው እንደ ሰው ሀብት ነበር፤ የማያልቅ፣ የማይመለከተው። አሁን ግን አንገቱን አስግጎ ወደ ዳሩ፣ ወደ ደንገሉ፣ ወደ ማዶው እያገላበጠ ያየው ጀመር። የእኛም ሐይቅ እንዲሁ ጥልቅ አልነበረም፤ ልጆች ሆነን ሩቅ ድረስ ውኃው ከወገብ አያልፍም ነበር። እኔም አብሬው ማየት ጀመርኩ። ፔሊካኖቹ በዓሣው ይኖራሉ፤ ዓሣው በደንገሉ ሥር ይራባል፤ ታንኳው ከደንገሉ ይሠራል፤ ከሐይቁ የወጣው ውኃ ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን አዙሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ማሳ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የቆመው በዘንግ መሬቱ በሚነካ ውኃ ላይ ነው። ፈራሁ። ብዙ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ስበላ የኖርኩት ነገር ሊያልቅ የሚችል ነገር መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

"ከተማው የሚጠጣው ከዚህ ነው?" አለኝ አባቴ።

"አላውቅም" አልሁት። የዕለቱ የመጀመሪያ ሐቀኛ መልሴ ነበር።

ስንመለስ ዳሩ ላይ ሐምራዊ አበባ ያወጣ አረንጓዴ ነገር ውኃውን ሸፍኖት አየን። "እንዴት ያምራል!" አለ አባቴ። "እምቦጭ ነው" አልሁት፤ እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ለእምቦጭ ነቀላ ዘምቼ ነበር። ዘመትኩ ማለት የሰው ቦት ጫማ ተውሼ፣ አንድ እፍኝ ነቅዬ፣ እፍኟን ይዤ ፎቶ ተነሥቼ ወደ ምሳ ሄድኩ ማለት ነው። ጠዋት በተሰጠው ገለጻ ላይም ተኝቻለሁ። አሠልጣኟ ቀሰቀሰችኝና "ዘሩ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል ይተኛል ነው ያልኩት?" አለችኝ። "እንደ እኔ" አልኳት። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። በዚያ እፍረት የተነሣ መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ በመረብ፣ በጫማ፣ በውኃ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

ይህን ለአባቴ ልነግረው ስል እሱ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኗን ውኃው ውስጥ ደፍቋታል። ቡልቅ ቡልቅ እያለች ሞላች። ክዳኗን አጥብቆ ዘጋና በመሐረቡ ጠረጋት።

"ምን ልታደርገው ነው?"

"ወደ ሐረማያ ልወስደው።"

"ለምን?"

"ተመልሷል እኮ" አለ፤ ስለ ዘመድ እንደሚናገር ሰው። "ጎረቤቶቼ ደውለው ነገሩኝ። ውኃ ተኝቶበታል፣ ወፍም መጥቶበታል አሉኝ። ሄጄ ልጠይቀው ነው። ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ሰው ሲታመም ብርቱካን ይዘህ ትሄድ የለም? ለእሱ ምን ልውሰድለት? ውኃ ነው እንጂ።"

ሁለት ነገር ባንድ ላይ ወረደብኝ። አንደኛ፣ አባቴ ሊሄድ ነው፤ የሚሄደውም እኔ በጣና ላባብለው ያሰብኩበትን ቀን ስንቅ ማዘጋጃ አድርጎት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያች በተጠረገች ጀሪካን ውስጥ የዚያ ሐምራዊ አበባ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ገና ነፍስ በዘራ ሐይቅ ላይ ሊደፋው ነው። ዝም ብል ምን ነበረበት? ቀኑን ሙሉ ያላወቅሁትን ሲለፈልፍ የዋለው ምላሴ፣ የማውቃት አንዲት ነገር ስትመጣ ከላንቃዬ ተጣበቀ።

"አባዬ፣ ውኃውን አትውሰድ።" ነገርኩት፤ ዘሩን፣ ጭቃውን፣ ጉዞውን።

ጀሪካኗን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት። "እንዳልሄድ ብለህ ነው?"

"እንዳትሄድማ እፈልጋለሁ። ይሄ ግን ለዚያ አይደለም።"

"ከጠዋት ጀምሮ ስትነግረኝ ውለሃል። እውነቱ የትኛው ነው?"

"ይሄኛው ነው አባዬ። ንጉሡም ፔሊካኑም ውሸት ነው።"

የጀልባው ሰው ሞተሩን ዝቅ አደረገ። አባቴ ክዳኑን ከፈተና ውኃውን ቀስ እያለ፣ በቀዳበት ጎን መልሶ አፈሰሰው። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጀሪካኗን ገልብጦ ያዛት። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና "እንግዲህ ባዶ እጄን አልሄድም" አለ፤ ድምፁ የተከፋ ልጅ ድምፅ ነበር።

ዕቅዴ እኮ ሠመረ። አፌን ብይዝ አባቴ ይቀራል፤ ሦስተኛ በርሜል እንገዛለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ እንበላለን። ነገር ግን በረንዳዬ ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ሲቀመጥ ታየኝና አንጀቴ አልቻለም።

"እኔን ይዘኸኝ ሂድ" አልሁት።

"ምን?"

"ለጥየቃው። ከብርቱካን አላንስም።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ብርቱካን ሲመርጥ እንደሚያየው። "ትንሽ ታንሳለህ" አለ። "ግን ይሁን።"

ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ አብሬው ሄድኩ። ሚኒባሱ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። ሐይቁ የድሮው አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ደፍርሷል፣ ነፋስ ሲነፍስበት እንኳ ሞገድ አያነሣም። ጥቂት ወፎች ቆመውበታል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ የመስኖ ሞተሮች ቧንቧቸውን ነክረው ከወዲሁ ተሰልፈዋል። አባቴ ሞተሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ ጭቃው ለስላሳ፣ ውኃው በፀሐይ የሞቀ ነበር። ሩቅ ሄድኩ፤ ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። እያለቀስኩ እንደሆነ እንዳያይብኝ ትንሽ ልራቅ ብዬ እርምጃ ስጨምር ከኋላዬ የአባቴ ጩኸት ተሰማ፤ በልጅነቴ ከዚያው ዳር ቆሞ የሚጮኸው ጩኸት፦

"ወደ ውስጥ አትግባ! ዋና አትችልም!"