ወደ ፉሪ የሚሄደው ቀስት

ቢሯችን መካኒሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም እያለከለክን ነው የምንገባው። ሥራችን ለግል ክሊኒኮች የበሽተኛ ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም መጠገንና ማሻሻል ነው። እኔ ስቀጠር ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው የጻፈው ሰው ሞቶ ነበር። መልኩን እንኳ አላውቀውም። ወንበሩ ላይ ግን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው "ቀኑ ጠፋ" በሚል ስልክ ነው። አንዱ ክሊኒክ ይደውልና የሕፃናት የክትባት ቀጠሮ ሊጽፉ ሲሉ የቀኑ ቦታ ባዶ እንደሆነባቸው ይናገራል። ወዲያው ሌላው ይደውላል። ምክንያቱን ስፈልግ ቆይቼ ቀና ስል ቀኑ በራሱ ጊዜ ተመልሷል። የሥራ ባልደረባዬ "ጾም ይዞ ይሆናላ" እያለ ያሾፍብኛል። እኔ በራሱ የሚሄድና በራሱ የሚመጣ ነገር አያስቀኝም፤ ያናድደኛል። ምክንያት የሌለው ብልሽት አለ ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ለመለካት ተነሳሁ። ትልቅ ፕሮግራም የሚጻፈው በክፍል በክፍል ነው፤ ፓኬጅ እንላቸዋለን። አንዱ ፓኬጅ የሌላውን ሥራ ሲፈልግ ይጠይቀዋል፣ ያኔ ተደገፈበት ማለት ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፦ በዚህኛው ላይ ስንቶች ተደግፈዋል? እሱስ በስንቶች ላይ ተደግፏል? ማንም ያልተደገፈበት ፓኬጅ እንደ ልብ ቢለወጥ የሚጎዳ የለም። ሁሉም የተደገፈበት፣ እሱ ግን በማንም ላይ የማይደገፍ ከሆነ የጸና ይባላል፤ እንዲህ በዋዛ አይነካም። ደንቡም አንድ ነው፤ መደገፍ ካለብህ ከአንተ ይበልጥ በጸና ነገር ላይ ተደገፍ። እናቴ ስለ ትዳር የምትመክረኝም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መለኪያው ውጤቱን በሥዕል ያወጣዋል፤ ፓኬጆቹን በክብ፣ ድጋፉን በቀስት። ሥዕሉ ሲወጣ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ክብ ይጎርፋሉ። የቀን ፓኬጁ ነበር፤ የእኛን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ ጋር የሚያስማማው፣ ጳጉሜን የሚያውቀው። ይህ አላስገረመኝም፤ ክሊኒክ ውስጥ ቀን የማይጠይቅ ሥራ የለም። እንዲህ ያለ ፓኬጅ ግን በማንም ላይ መደገፍ አልነበረበትም። ከእሱ አንዲት ቀስት ወጥታ፣ የሥዕሉን ጠርዝ አልፋ፣ ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች። ጫፏ ላይ ክብ የለም። "ቤት" የሚል ስም ብቻ ተጽፏል።

ባልደረባዬ አጎንብሶ አየና "ላም አለኝ በሰማይ" አለ። የእኛዋ ላም ግን በየቀኑ ትታለባለች።

ኮዱን ከፈትኩት። ፓኬጁ ቀን አያሰላም። በተጠየቀ ቁጥር "ቤት" የተባለ ኮምፒውተር ይጠይቅና የተነገረውን ይደግማል። ሥራ አስኪያጃችን ጋ ሄድኩ። ግንባሩን እያሻሸ አሰበ።

"ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ታሞ የተኛ ጊዜ እዚያው ሆኖ ይሥራ ብለን፣ ፉሪ እናቱ ቤት የኢንተርኔት መስመር አስገብተንለት ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሞተ። መስመሩን ያስቆረጠ ያለ አይመስለኝም።"

በዚያች ሰዓት በየክሊኒኩ ነርሶች እናቶችን "ልጅሽን በዚህ ቀን አምጪው" እያሉ ነው፤ ቀኑን የሚነግራቸው ደግሞ የሞተ ሰው ክፍል ነው። ደንቡም ትዝ አለኝ። በእኔ ልኬት ከሄድን ከሞተ ሰው የበለጠ የጸና የለም። እሱ ማንንም አይጠይቅም፣ ከእንግዲህም አይለወጥም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በማግሥቱ በላፍቶ አድርጌ፣ ከሃና ማርያም ሌላ ታክሲ ይዤ ፉሪ ወረድኩ። እናቱ የአካባቢው የጥንት ገበሬዎች ዘር ናቸው፤ ዙሪያቸውን ፎቅ ቢከባቸውም ከቤቱ ጀርባ በቀረችው ቁራሽ መሬት ሽምብራ ይዘራሉ። ከመሥሪያ ቤቱ እንደመጣሁ ስነግራቸው "ገና አሁን?" አሉኝና ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። አልጋው ተነጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ አለ፣ ከሥሩ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ። "ቀኑ ጠፋ" የሚባለው ፉሪ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅ ኖሯል። በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጥያቄ በደረሰ ቁጥር ብልጭ ትላለች።

"ሰኞ ሰኞ ይበዛበታል" አሉኝ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ። "እሑድ ያርፋል። ጥምቀት ዕለትማ ደህና አድርጎ ተኛልኝ። አሁን ምሳ ሰዓት ስለሆነ ይኸው ቀዝቀዝ ብሏል።"

አንድም አልተሳሳቱም። ክሊኒኮቹ የሚጨናነቁት ሰኞ ነው።

"አርባውን አላወጣሁለትም" አሉ ቀጥለው። "የንስሐ አባቴ ተቆጡኝ። ጎረቤቱም አበደች አለኝ። ሥራ ላይ ላለ ሰው እንዴት ተዝካር ይወጣል? ይጠሩታል፣ ይመልሳል። እስቲ አንቺ ብትሆኚ ታወጪለታለሽ?"

የመጣሁት መስመሩን ልንቆርጥ ነው ለማለት ነበር። እኔ ግን ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያንን የማላውቀውን ሰው ረገምኩት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ከአልጋህ ጋር የምታስረው ምን ነክቶህ ነው? ምናልባት ሕመሙ ጸንቶበት፣ ቀላሉን መንገድ መርጦ ይሆናል። ምናልባት ሰው እንዲጠራው ፈልጎ ይሆናል። ቀስቷን ብተዋት አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ይቃጠልና ያ ሁሉ ሕፃን ቀጠሮው ይዛባል። ብቆርጣት እኚያ እናት ልጃቸውን ሁለተኛ ይቀብራሉ።

ቆረጥኳት። የቀን ስሌቱን ራሱ ፓኬጁ ውስጥ ጻፍኩት፣ በጳጉሜ በኩል ደጋግሜ ፈተንኩት፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ለክሊኒኮቹ ሁሉ ለቀቅነው። ሥዕሉ ዳግም ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ሥራ አስኪያጁ "አንበሳ ነሽ!" አለኝ። እኔ ግን የሚታየኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መብራቷን የሚጠብቁት ሴትዮ ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት አላስችል አለኝ። ከራሴ ኮምፒውተር "ቤት"ን አንድ ጊዜ ጠየቅኩት፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? መልሱ ወዲያው መጣ። ማክሰኞ አለኝ፣ በእኛም በፈረንጆቹም፣ ሳይሳሳት። አንዴም ቢሆን ብልጭ ብላላቸዋለች ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ እውነቱን ልነግራቸው ፉሪ ሄድኩ። ከደጃፋቸው ድንኳን ተተክሏል። የሞቱት እሳቸው መሰሉኝ። ጥቁር ለብሰው ከድንኳኑ ወጡና አቀፉኝ።

"እንኳን መጣሽ ልጄ። ዘግይቶም ቢሆን ተዝካሩን እያወጣሁለት ነው።"

እጄን ይዘው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ኮምፒውተሩ ነጠላ ለብሷል። ገመዱ ተጠቅልሎ ታስሯል። ባትሪው ከቦታው የለም።

"ሰኞ ከምሳ በኋላ ጸጥ አለብኝ" አሉ። "እስኪመሽ ጠበቅሁት፣ አንዴም ብልጭ አላለ። 'ጨረስክ ልጄ?' አልኩና በዚሁ እጄ ነቀልኩት። ባትሪውንም ያኔውኑ ለጎረቤት ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩለትም ያን ዕለት ነው። እየጠሩትማ እንዴት ይረፍ?"

"ሰኞ ነው የነቀሉት፣ እማማ?"

"ሰኞ ነዋ። ማክሰኞ ገና በማለዳ ለንስሐ አባቴ ልነግር ሄድኩ።"

የተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የእኔው ኮምፒውተር ያስቀመጠው የቆየ መልስ ቢሆን ኖሮ የሰኞን ቀን ነበር የሚነግረኝ። የነገረኝ ማክሰኞን ነው። ከድንኳኑ የቄሶቹ ድምፅ ይሰማል።

"ከእንግዲህ የሚጠራው የለም አይደል?" አሉኝ፣ እጄን ጠበቅ አድርገው።

"የለም፣ እማማ።"

መልሱ ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ አላጠፋሁትም። ቃሌንም ጠብቄያለሁ፣ ዳግመኛ አልጠራሁትም። ብጠራው ይመልስልኛል ብዬ እፈራለሁ።