ቢላ ሳይነካውም የሚሄድ

«አንቺ እንሰት ቆርጠሽ አታውቂም፤ ስለ ቢላ አትንገሪኝ!» አለችኝ አክስቴ፣ ዱመርሶ በሚባለው ገጠር ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ።

ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪሙ «ካንሰር ነው፣ ሳይሰራጭ በቀዶ ጥገና ይውጣ» ብሏታል። እሷ አሻፈረኝ አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ጓሮዋ ገብቶ፣ የታመመ እንሰት በቆረጠችበት ቢላ ጤነኛውን ነክታ፣ ጓሮው በሙሉ ጠወለገባት። ስለዚህ ለእሷ፣ በሽታ የሚበትነው ቢላ ነው። «ካልነኩት ባለበት ይቀመጣል» ትላለች። ተናድጄ ወደ ዲላ ተመለስኩ።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ጽሑፍ እተይባለሁ። በዚያው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን አመጣች፤ ካንሰር እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያወራ።

«ማይክሮ አርኤንኤ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ለመተየብ መረዳት ግድ ነው እንዴ?»

«ለእኔ ግድ ነው። አክስቴ ታማለች።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። በየሴላችን ከጂኖች የሚወጡ መልእክቶች አሉ፤ ሴሉ እነሱን እያነበበ ይሠራል። ማይክሮ አርኤንኤ ቁራጭ ክር ናት። ረጅሙ መልእክት ላይ ትለጠፍና እንዳይነበብ ዝም ታሰኘዋለች። «ተነሥ፣ ሂድ» የሚለውም መልእክት እንዲሁ ታፍኖ ነው የሚኖረው። አንዳንዶቹ ክሮች ሲጠፉ ሴሉ ጎረቤቱን ይለቃል፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሄዶ ሳንባ ወይ አጥንት ላይ ጎጆ ይቀልሳል። ሌሎቹ ክሮች ደግሞ ሲበዙ ራሳቸው ይገፉታል።

«በዓይን ይታያሉ?»

«በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳን አይታዩም።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ጣቴን አየሁት። እዚህ ውስጥ፣ አሁን፣ እኔ ስለ ምሳ ሳስብ፣ ስንቱ መልእክት እየታፈነ ነው? ጉበቴ ጉበት ሆኖ የሚያድረው እንዲህ ተይዞ ነው? ቸርች ስለ ፍጥረት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፀጉሬ ቆሞ አያውቅም። «ጌታ ሆይ!» ብዬ ስጮህ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ዱመርሶ ወጣሁ። አክስቴ ቡና ሥር ታርማለች።

«እንሰቱን የያዘው በሽታ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቢላሽ ተሸክሞ አዞረው። ይሄ ግን የራስሽ ሥጋ ነው። የሚይዘውን ሲያጣ በራሱ ይሄዳል። ባትነኪውም።»

«የሚይዘው ምንድን ነው?»

ስለ ክሮቹ ነገርኳት። ማረሟን ተወች።

«ሰው ይሄን ሁሉ ሥጋው ውስጥ ይዞ ነው ቡና የሚለቅመው?»

«አዎ።»

«የጠፉትን ዶክተሩ ይመልሳቸዋል?»

«አይመልስም፤ ገና እየተጠና ነው። እሱ የሚችለው ሳይሄድ ማውጣት ነው። ምናልባት ሄዶም ይሆናል፤ አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ላይ ማር የሚባል አልፈጠረብሽም!»

«አልፈጠረብኝም።»

እብጠቱን በመዳፏ ያዘች።

«ቢላቸውን በእሳት ያሳልፉታል?»

«ከእሳት በማያንስ እንፋሎት ይቀቅሉታል። ለያንዳንዱ ሰው።»

እጇን ታጥባ ገባች። ጫማ ቀይራ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች፤ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠች። ፌስታሉን ተቀብያት አስፋልቱ ድረስ ወረድን። የዲላ ሚኒባስ ሲቆም እሷን አስቀድሜ ገባሁ።