ዘግይተን የደረስነው ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ የማውቀው የፈረንጅ አገር በረዶ ሁሉ ከጋሼ ተፈራ አፍ የወጣ ነበር። ጋሼ ተፈራ ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታችን በየካ በኩል ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር፤ ያኔ ሰፈራችን መብራት እንደ ልብ አያገኝም። ገና ፀሐይ ስትጠልቅ ታላቅ ወንድሜና እኔ እሳቸው ጋ እንሮጣለን። ፋኖሱን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡና ከሰሉ ላይ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አድርገው፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ስለ ሚስ ኤለን ይነግሩን ነበር።

ሚስ ኤለን አሜሪካዊት ናት። በወጣትነቷ አዲስ አበባ መጥታ፣ ጋሼ ተፈራ አማርኛ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። እሳቸው ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ስለነበሩ ከሥራ በኋላ አማርኛ ያስጠኗታል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ እስከ እንጦጦ ማርያም አብረው በእግር ይወጣሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሯ ተመለሰች። ጥቂት ደብዳቤ ጽፋ ጠፋች።

ሌላ መምህር ካነበበላቸው ደብዳቤዎቿና አሜሪካ ከሚኖር አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው የሰሙትን እየቀጣጠሉ፣ ሕይወቷን እንደ ተረት በየምሽቱ ቁራሽ ቁራሽ ያካፍሉን ነበር። በረዶ መስኮት በሚደፍንበት እርሻ ላይ መወለዷን፣ አባቷ መጽሐፍ እንዳያዩባት ከላሞቹ ጋር በረት ውስጥ ተደብቃ ማንበቧን፣ አገሯ ስትመለስ የሰው ልብስ እያጠበች ግጥም መጻፏን፣ አሳታሚዎች በር እንደዘጉባት። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እምቢ ያሏት ሁሉ እያዩ፣ ያን የሚያህል ሽልማት ተሸለመች!» ይሉናል። እኛም እናጨበጭባለን።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ያ ባልደረባቸው የተሸለመችበትን መጽሐፍ በሰው እጅ ላከላቸው። ግን የጋሼ ተፈራ ዓይን ያኔ ጠፍቶ ነበር፤ እንግሊዝኛቸውም ቀድሞውኑ ከሰላምታ አያልፍም። መጽሐፉን እያገላበጡ ሲዳብሱት ቆዩና ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺ በትምህርትሽ ጎበዝ ነሽ። እስቲ ስለ እንጦጦ የጻፈችውን ፈልጊልኝ» አሉኝ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ለአንድ ሳምንት ፈለግኩ። እንጦጦ የለም። አዲስ አበባ የለም። እሳቸውም የሉም። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ ልጇ ነበር። ሊሊ የምትባል የሰባት ዓመት ልጇ፣ በረዶ በጋገረ ወንዝ ላይ ስትጫወት በረዶው ተሰብሮ ውኃው ወስዷታል።

ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የራሴን ግጥም ፈጥሬ ከመጽሐፉ እንደማነብ ሆንኩ። ባሕር ዛፍ ስለሚወዛወዝበት ተራራ፣ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ስለሚጠብቃት መምህር። ጋሼ ተፈራ እንባቸው እስኪወርድ ሰሙኝ። በማግስቱ «ድገሚልኝ» ሲሉኝ ግን ቃሎቼ ጠፉብኝ፤ ጭጋጉ ዝናብ ሆነ፣ መምህሩም ቁጭ አለ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ይህን የጻፈችው እሷ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ለመምታት የምትጣደፍ ልጅ ናት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ደግ አስበሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ዓይኔ አንቺ ነሽና የሌለውን አታሳይኝ። ያለውን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። እናት አልጋ ስር ስትጠርግ የልጇን አንድ እግር ካልሲ አግኝታ፣ አጥባ፣ ገመድ ላይ ለብቻው ስለምትሰቅልበት ግጥም ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስናጨበጭብ ኖረናል» አሉ። «ለቅሶ ሳንደርሳት።»

በማግስቱ ደብዳቤ አስጻፉኝ። እሳቸው በአማርኛ ይላሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ስለ እሁዶቹም ስለ ተራራውም አንዲት ቃል አላስገቡም፤ ስለ ሊሊ ብቻ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ክንዳቸውን ይዤ ፖስታ ቤት ወረድን፤ በአሳታሚዋ አድራሻ ላክነው።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ። «የልጄን ስም ጠርቶ የጻፈልኝ ሰው ካገኘሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤዎን ትራሴ ስር አድርጌዋለሁ» ይላል። ይህን ሳነብ ጋሼ ተፈራ ፊታቸው በራ። ከዚያ በታች ያለውን በዓይኔ አስቀድሜ አይቼው ማንበቤን አቋረጥኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«እ... ጽሑፉ አልነበብ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ያለውን» አሉኝ ቀስ ብለው።

አነበብኩት። «አዲስ አበባን፣ ዝናቡን አስታውሳለሁ። እርስዎን ግን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ማስታወስ አልቻልኩም። እርጅና ብዙ ነገር ወስዶብኛል።»

ጋሼ ተፈራ ፊታቸውን ወደ ከሰሉ ሙቀት መለሱ። «ስለ ልጇ ያለችውን ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። ሌላውን አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሚስ ኤለን አውርተውልን አያውቁም፤ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። እኔ ዛሬ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ፤ እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ መተርጎም ነው። ያችን መስመር ዘልያት ቢሆን ኖሮ ምን ይጎዳ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አንዳንድ ቀን ልክ ነበርኩ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድን ሽማግሌ ከቀረቻቸው አንዲት ነገር የለየሁ ይመስለኛል። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ መልሷን ባነበብኩላቸው ምሽት ልሄድ ስነሳ፣ ሌላ ጊዜ ጭንቅላቴን የሚዳብሱት ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጨበጡኝ። እኔም ቤት ገብቼ እናቴ ያቀረበችልኝን እራት መብላት አቃተኝ።