የሁለት አገር ሰዓት

አሮጌው ደብተሬ ዛሬም ሲከፈት ዓሣ ይሸታል። ከመሃሉ አንድ ገጽ የለም፤ ተቀዷል። ስለሱ ልንገርህ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ስጎትት አረፍድና ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ከጎልማሶች ጋር እማር ነበር። መምህሩ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበር፤ እኛን በነፃ ነው የሚያስተምረን።

አንድ ቀን ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለው። በግራ የእኛን ሕገ መንግሥት፣ በቀኝ የኬንያን። የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ሰዓት ጻፈ፤ በእኛ አርባ ስምንት፣ በእነሱ ሃያ አራት። እኛም በየደብተራችን ገለበጥን።

"የጎረቤቱን ቤት ያየ የራሱን ጣሪያ ያውቃል" አለን።

አብሮኝ መረብ የሚጥለው ጓደኛዬ እጁን አወጣ። "መምህር፣ እኔን በዓሣ ጉዳይ ዘጠኝ ቀን ጣቢያ አሳድረውኛል። የየትኛው አገር ዜጋ ነኝ?"

ክፍሉ ሳቀ። በሩ ላይ የቆመው የቀበሌ ሰው ግን አልሳቀም። ስናየው ደብተራችን ላይ አቀረቀርን።

በነጋታው ቢሮው አስጠራኝ። "ማንበብ ቻልክ አሉ። እስቲ የትናንቱን አንብብልኝ።"

አልጻፍኩም ማለት እችል ነበር። አባቴ ግን፣ በአገራችን ሸንጎ በዱቡሻ ላይ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ሲጠይቁ የዋሸ ሰው ዘሩ አይባረክም እያለ ነው ያሳደገኝ። ያ ቢሮ ዱቡሻ መሰለኝ። ደደብ ነበርኩ። ጣቴን በየቃሉ ሥር እየጎተትኩ አነበብኩለት።

"የእነሱ ይሻላል ብሏችኋል ማለት ነው?"

"እሱን አላለም ጌታዬ።"

"አንተ ግን ገብቶሃል።" ገጹን ቀዶ ኪሱ ከተተው። "ጎበዝ። አጥርተህ ታነባለህ።"

መምህሩን ማክሰኞ ጠዋት ወሰዱት። ረቡዕ ጠዋት ከፖሊስ ጣቢያው ማዶ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ ሳለ የኬንያው ሰዓት አለፈ። ሐሙስ ጠዋት የእኛውም አለፈ። ገብቼ "ሰዓቱ ሞልቷል" ልል ሁለት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ፈሪ ማንበብ ቢችልም ፈሪ ነው። ዛሬ የሰፈሬ ልጆች ሁለቱንም ሕግ ከስልካቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ አሁንም በሩን ዞር ብዬ አያለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተለቀቀ፤ ራቅ ወዳለችው ካምባ አዛወሩት። መናኸሪያ ሄድኩ። ከስቶ ነበር፤ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

"መምህር፣ እኔ ነኝ..." አልኩ።

"ገጹን አሳይተውኛል" አለ። ጠመኔ የለመደ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ትከሻዬን ያዘ።

"ጽሕፈትህ ተስተካክሏል።"