ክፍል ሁለትን የጠበቀው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። መልካምነቱን ለቅሶው ላይ ሌሎች ተናግረውለታል፤ እኔ የምጽፈው ስለዋሸሁት ውሸት ነው።

በጉርምስናችን ወልቂጤ አንድ ቪዲዮ ቤት ገብተን ፊልም አየን። በጠፈር መርከብ ከዋክብት ማዶ የሄደ ሰው ሳይመለስ ፊልሙ ያልቃል። እንግሊዝኛውን የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ፤ ስምንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ የወደቅሁት እኔ!

መብራቱ ሲበራ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ሰውየውስ?» አለኝ።

«በክፍል ሁለት ይመለሳል ይላል» አልኩት። ፊልሙ እንዲያ አላለም፤ አንጀቴን ቢበላኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ስንሰበሰብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሁሉ ገና ክትፎው ሳይቀርብ «ክፍል ሁለት ወጣ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ልጆቹ ሲስቁበት «ምን ያስቃችኋል? የጉራጌ ልጅ የትም ቢሄድ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። የእሱ መንገዱ ራቀበት እንጂ!» ይላቸው ነበር። እኔም እውነቱን ልነግረው እያሰብኩ፣ አፌን በክትፎ ሞልቼ ዝም ስል ፂሜ ሸበተ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የዚያ ፊልም ክፍል ሁለት በሚመጣው ዓመት ይወጣል!» አለችኝ። ውሸቴ እውነት ሆነልኝ ብዬ ልደውልለት ተነሳሁ። መሞቱ ትዝ ያለኝ ቁጥሩን ካወጣሁ በኋላ ነው። ጅል ሽማግሌ!

ሲወጣ አየዋለሁ። ሰውየው ቢመለስ እሰየው። ባይመለስ ግን «በክፍል ሦስት ይመለሳል» ብል የሚያምነኝ ወንድም የለኝም።