ከስቶር ያልወጣው ማሽን

«ፕላስቲኩን እንዳትነካ አልኩህ!»

«ጋሽዬ፣ ፕላስቲኩ ሳይነሳ እንዴት ልፈትሸው?»

«ማን ፈትሽ አለህ? ገና ዛሬ መጥተህ!»

ንብረት ጠባቂው እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። የሕክምና መሣሪያዎች ቴክኒሻን ሆኜ ተመድቤ፣ ጠዋት ከሆሳዕና መናኸሪያ ተሳፍሬ አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል መድረሴ ነው። የመፍቻ ቦርሳዬን የማስቀምጥበት እንኳ አልተሰጠኝም። የሕፃናት ክፍል ነርሷ ሲስተር አስቴር ኮሪደር ላይ አገኘችኝና በቀጥታ ወደ ስቶር ወሰደችኝ።

ክፍሏ ውስጥ በሳንባ ምች የታመመች ጨቅላ ተኝታለች። የቀረው አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው፤ የመለኪያው ቀስት ቀዩን ነክቷል፤ ሊያልቅ ነው። ሌላ የሚያመጣው መኪና ገና መንገድ ላይ ነው። ስቶር ውስጥ ግን ከክፍል አየር ኦክስጅን የሚለይ ኮንሰንትሬተር፣ አዲስ፣ ከነፕላስቲኩ ቆሟል።

ንብረት ጠባቂው ጋሽ ላምቤቦ ያንን ማሽን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል። ሥራ አስኪያጁ ያልፈረመበትን ዕቃ ግን፣ መርፌም ቢሆን፣ አያወጡም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ስብሰባ ሄዷል፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«ባለፈው የወጣው ማሽን ወዲያው ተቃጥሎ ተመለሰ» አሉኝ። «ማን ተጠየቀ? እኔ!»

«ያለ ስታቢላይዘር ሰክተውት ይሆናል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ከማሽኑ አጠገብ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። መብራት ሲወዛወዝ ኃይሉን የሚያስተካክለው እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩት።

የሲስተር አስቴር ትዕግሥት አለቀ። «ጋሽ ላምቤቦ፣ ልጅቷ እኮ ሥራ አስኪያጅ አትጠብቅም!»

«ማሽኑ አይወጣም» አሉ። ሲስተር ፊቷን አዞረች። «ልጅቷን ወደዚህ አምጧት» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

የጓንት ካርቶኖቹን ገፋፍተን አልጋ አስገባን። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስለሚስብ ጥግ ላይ ያለው የበረኪና ሽታ ጥሩ አይሆንም ስላቸው፣ ጀሪካኖቹን ራሳቸው ተሸክመው ስቶሩ ጓዳ ውስጥ ዘጉባቸው። ፕላስቲኩንም ራሳቸው ቀደዱት። ማጣሪያውን አየሁ፣ ኦክስጅኑን የሚያረጥበው ጠርሙስ ውስጥ የተጣራ ውኃ ሞላሁ፣ መጀመሪያ ስታቢላይዘሩን ከዚያ ማሽኑን ሰካሁ። ማሽኑ ጮኸ።

«ተቃጠለ?»

«ሲነሳ እንዲህ ነው ጋሽዬ።»

ኦክስጅኑ እስኪስተካከል ጠበቅን፤ ከዚያ ሲስተር ልጅቷን ከነሲሊንደሩ አምጥታ አስተኛቻትና የማሽኑን ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

እናትየው በሩ ላይ ቆማ መግባት ፈርታ ነበር። ጋሽ ላምቤቦ በሀዲይኛ የሆነ ነገር አሏትና ወንበራቸውን ሰጧት። ሲስተር ሳቀች። ምን አሏት ብዬ ጠየቅኳት።

«‹ንብረቴ መሃል ነሽ፤ ማንም አይነካሽም› አሏት።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ስቶር ውስጥ ታማሚ ተኝታ ሲያይ ደረቀ። «ይኼ ምንድን ነው ጋሽ ላምቤቦ?»

«ምንም ንብረት አልወጣም» አሉ ቀጥ ብለው ቆመው።

ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን አየ። ጠቁሮ የነበረው ከንፈሯ ቀልቷል፣ ትንፋሿም ረግቷል። ማሽኑ ወደ ሕፃናት ክፍል እንዲዛወር እዚያው ካርቶን ላይ ተደግፎ ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሆስፒታል አዲስ መሣሪያ ሲመጣ በቀጥታ ወደሚሠራበት ክፍል ይሄዳል። እኔም በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ብዙ ማሽን ገጥሜያለሁ፤ ሥራውን ያስጀመሩኝን እኚያን ሰው አመሰግናለሁ። ለአዳዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይኼን ነው፦ መሣሪያ ሲደርስ መጀመሪያ ለንብረት ጠባቂው አስረዱት። ካልገባው ይቆልፈዋል፤ ከገባው ያግዛችኋል።

ያን ዕለት ግን ሲስተር ልጅቷን ከተኛችበት ማንቀሳቀስ አልፈለገችም፤ እዚያው ስቶር ልታድር፣ እኔም ማሽኑን ልጠብቅ ሆነ። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ላምቤቦ ኮታቸውን ለበሱ። የስቶሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጥቂት አዩት፤ ከዚያ እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ሌላውን ዕቃ እንዳትነካ» አሉኝና ወጡ። ብርድ እንዳይገባ በሩን ቀስ አድርገው ከውጭ ዘጉት።